ወደ ሐረር በባቡር

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ሐረር ለመሄድ ያሰቡ እንደ ሆነ ሁለት መንገድ ይጠብቅዎታል። አንደኛው ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣው አውቶቡስ ነው። በእርሱ የተሳፈሩ እንደ ሆነ አዳማን፣ አዋሽን፣ የዱሮዋን አሰበ ተፈሪ የዛሬዋን ጭሮ፣ ሂርናንና ቁልቢን አልፈው፣ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በዚያው በያዙት ወንበር ጨርሰው ሐረር ይወርዳሉ። ሁለተኛው ባቡር ነው። ባቡሩ ከአውቶቡሱ ይልቅ ያዝናናል፤ ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ እግርንም ማፍታታት ይቻላል። ነገር ግን ሐረር አይደርስም። ድሬዳዋ ያወርድዎታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የራስዎ ጉዳይ ነው።

«ቀጥታ የሚያደርስህ አውቶቡስ እያለልህ፣ ጓዝህን ተሸክመህ ካንዱ እየወረድህ ባንዱ መሳፈር ምን ያደርግልሃል?» ሲል አንድ የሥራ ባልደረባዬ መክሮኝ ነበር። ምክሩ እውነት አለው። እኔ ግን በአውቶቡስ ላይ ወረቀት የገለጥሁ እንደ ሆነ ራሴን ያዞረኛል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ያልታረመ የተማሪዎች ፈተና አንድ ቦርሳ ሙሉ ይዤ ነበር። ስለዚህ ባቡሩን መረጥሁ። ፈተናው እስከ ሐረር ድረስ ሳይታረም አብሮኝ መሄዱን ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

የባቡር ጉዞ በዱሮው ጊዜ የሚጀመረው ከለገሐር ነበር። ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጣቢያ ማለት ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ሕንፃ ከከተማው መካከል፣ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሰው ሻንጣውን በተሸካሚ አስይዞ በእግሩ እየደረሰ ይሳፈርበት ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአሮጌው መስመር የመንገደኛ ባቡር ከአዲስ አበባ መነሣቱ ቀረና ለሠፈሩ ስሙ ብቻ ተረፈው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. የመንገደኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ለቡ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ፈጣን ባቡር ደግሞ የተለጠጠ መታጠፊያ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በከተማ መካከል እናሳልፍ ቢባል ስንት ቤት ይፈርስ ነበር? ጣቢያው ወደ ዳር ቢወጣ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ዳር መውጣቱን የሚከፍለው መንገደኛው ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በለገሐር በኩል ያልፋል እንጂ ለቡ ድረስ አልተዘረጋም። ስለዚህ እኔ በዚያ ማለዳ ከቤቴ እስከ ለቡ ሁለት ታክሲ ለወጥሁ። ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ሁለት ጊዜ ተሳፍሬ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ ማለት ነው። «ቀጥታ» የሚባለው ባቡር እንኳ ቀጥታ የሚሆነው ከጣቢያ እስከ ጣቢያ እንጂ ከደጅ እስከ ደጅ አለመሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በፉርጎው ውስጥ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀመጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ትልቅ ዘንቢልና በጨርቅ የታሰረ ጣሳ ከእግራቸው ሥር አስቀመጡ። በዘንቢሉ የገንፎ ዱቄት፣ በጣሳው ቅቤ ነበር። ሴት ልጃቸው ሐረር ወልዳለችና ሊያርሷት መሄዳቸው ነው። ባቡሩ እንደ ተንቀሳቀሰ አማተቡና ወደ እኔ ዞር ብለው፣

«አንተ ልጅ፤ ሐረር ስንደርስ ቀስቅሰኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» አሉኝ።

«እማማ፤ ባቡሩ እኮ ሐረር አይገባም። የሚያወርደን ድሬዳዋ ነው» አልኋቸው።

«ምን አልህ? ልጄ ‹ሐረር የሚያደርስሽን ቆርጬልሻለሁ› ብሎ አይደለም እንዴ የላከኝ!»

«እስከ ድሬዳዋ ነው፤ እማማ።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላስ?»

አንባቢ ሆይ፤ ይህ «ከዚያ በኋላስ» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እማማ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈራቸውም፤ ፍጥነቱም አላስደነገጣቸውም። ያስፈራቸው በባቡሩና በሐረር መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። እዚያ ማን ይጠብቃቸዋል? መኪናው ከየት ይነሣል? ዘንቢሉን ማን ይይዛል? ቢመሽስ? «እኔም ሐረር ነኝ፤ ከድሬዳዋ መኪና ይዘን እንወጣለን» ባልኋቸው ጊዜ «እንወጣለን» ማለቴን ሰምተው ፊታቸው በራ። እንቅልፉ ግን ተወው፤ እስከ አዳማ ድረስ የቤተ ሰባቸውን ታሪክ አጫወቱኝ።

ባቡሩ ሐረር ያልገባበት ምክንያት የቆየ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የታሰበው መንገድ ከጂቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነበር። ሐረር የምሥራቁ ንግድ ሁሉ የሚሰበሰብባት ከተማ ስለ ነበረች የመጀመሪያዋ መድረሻ እርሷ መሆኗ አያስገርምም። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በደጋው ላይ ትገኛለች፤ ያን ገደል በሐዲድ መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጨርስ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በግርጌው በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ናት። አዲስ አበባ ሐዲድ የገባላት ገና በ1909 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ድሬዳዋን የወለዳት መንገደኛና ዕቃ ከባቡር የሚወርድበት ስፍራ መሆኗ ነው። ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ እዚያ ወርዶ በቅሎ ይከራያል፤ ያድራል፤ ይበላል። ከዚራ የሚባለው የዛፍ ጥላ ሠፈር፣ ጣቢያው፣ የባቡሩ ጥገና ቤት፣ ሆቴሉ ሁሉ የተሠራው ሰው እዚያ እየወረደ ስለሚቆይ ነው። በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ አንደኛው ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛው በአዋሽ ይታደራል። የአዋሽ ጣቢያ ቡፌ ስሙ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። መውረድ ያኔም ድካም ነበረው፤ ግን የወረደ ሰው የሚያርፍበት ቤት ነበረ።

አዋሽን አልፈን የፈንታሌ ተራራ ከኋላችን ሲቀር፣ ከፊት ለፊታችን የተቀመጠ አንድ ወጣት ወደ ጨዋታችን ገባ። ድሬዳዋ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተመድቦ የሚሄድ ነው። «ለምንድን ነው በየከተማው ቀጥታ የሚገባ ባቡር የማይዘረጋው? ቁልቢም፣ ሐረርም፣ ጂጂጋም ሰው ነው ያለባቸው» ሲል ጠየቀኝ። ሙያዬ ሆኖ ነገርን በቁጥር ካላየሁት አልወድም፤ ከፈተናው ወረቀት መጠቅለያ ጀርባ ላይ እንዲህ ጻፍሁለት።

አንድ መሥሪያ ቤት በቀን ስምንት ጉዞ ለማድረግ አቅም አለው እንበል። አራት ከተሞች አሉ፤ የአራቱም መንገድ እስከ እኩሌታው ድረስ አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ከተማ ቀጥታ ባቡር ቢልክ ለእያንዳንዱ በቀን ሁለት ጉዞ ይደርሰዋል። ቀኑን 12 ሰዓት ብንለው በየስድስት ሰዓቱ አንድ ማለት ነው፤ የጠዋቱ ያመለጠው ሰው ለምሳም ሳይደርስ ለእራት ይደርሳል። ስምንቱንም እስከ መለያያው ድረስ ቢያመላልስና ከዚያ ወዲያ ላለው አውቶቡስ ቢያዘጋጅ ግን፣ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ አንድ ባቡር ይኖራል። ቀጥታው ከመውረድ ያድናል፤ መለወጡ ከመጠበቅ ያድናል። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚያገኝ የለም፤ ወይም ደግሞ ገንዘቡ ብዙ የሆነ አገር ብቻ ያገኘዋል።

ወጣቱ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «እርስዎ የጻፉት አውቶቡሱ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ቆሞ ባይጠብቅስ?» አለኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። የኢልግ አገር ስዊስ ይህን ጥያቄ ከማንም አስቀድማ ያሰበችበት ይመስለኛል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ባቡሮች በየሰዓቱ በተወሰነች ደቂቃ እየተነሡ እንዲመላለሱ የሚያደርግ የሰዓት ሰሌዳ አወጣች። በ1987 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አንድ ትልቅ የባቡር ዕቅድ አጸደቀ፤ ዕቅዱ በ2004 ታኅሣሥ ወር ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ ይህ ነው፤ በዋና ዋናዎቹ መገናኛዎች ከየአቅጣጫው የሚመጡት ባቡሮች ሰዓቱ ከመሙላቱ ጥቂት ደቂቃ አስቀድመው ይገባሉ፤ ሰዎች ይለዋወጣሉ፤ ሰዓቱ እንደ ሞላ ሁሉም ተበትነው ይሄዳሉ። ከበርን እስከ ዙሪክ ያለውን ጉዞ ከአንድ ሰዓት በታች ለማድረግ አዲስ ሐዲድ ሲዘረጉም፣ ዓላማቸው ፍጥነትን ለፍጥነት መፈለግ አልነበረም፤ የሚለውጠው መንገደኛ የሚቀጥለውን ባቡር እንዲያገኝ ነው። በዚያ አገር ከባቡር መውረድ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል እንደ መሻገር ነው።

«እነሱማ ሰዓት ሠሪዎች ናቸው» አለ ወጣቱ። ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ግን በእኛም አገር ጥሩ መለወጥ አይቻለሁ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር ሲኖረው፣ ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ ባንድ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከአያት ተነሥቶ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄድ ሰው ስታዲየም ወርዶ፣ ደረጃ ሳይወጣ ሳይወርድ፣ በቆመበት መድረክ ላይ ሌላውን ባቡር መጠበቅ ብቻ ነው ያለበት። ይህ የስዊስ ሰዓት አላስፈለገውም፤ ሐዲዱ ሲዘረጋ የታሰበበት ነገር ነው።

አንዳንዱ መለወጥ ደግሞ በሐሳብ የማይድን፣ ብረቱ ራሱ የሚያስገድደው ነው። ከምፅዋ ወደ አስመራ የሚወጣው ሐዲድ 95 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲኖረው የዱሮው የጂቡቲ መስመር 100 ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ለአምስት ሳንቲ ሜትር ሲባል ሰው ሁሉ ጓዙን ይዞ መውረድ ነበረበት። አዲሱም ባቡር ቢፈልግ እንኳ በአሮጌው ሐዲድ ተጉዞ ከዚራ መካከል ወዳለው ጣቢያ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ለድሬዳዋም እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ከከተማው ውጭ ሌላ ጣቢያ ተሠራላት።

ከቀትር በኋላ እዚያ ደረስን። ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነው። መንገደኛው ሁሉ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወደ ባጃጁና ወደ ሚኒባሱ ይሮጣል። እኔ ዘንቢሉን፣ ወጣቱ ጸሐፊ ሻንጣዎቹን፣ እማማ የቅቤ ጣሳቸውን ያዝን። ጣሳውን ለማንም አልሰጡም። ባጃጅ ተሳፍረን ከተማ ገባን፤ ወጣቱ ተሰናበተን፤ እኛ ወደ ሐረር የሚወጣ ሚኒባስ ይዘን ተቀመጥን። ሚኒባስ እንደሚያውቁት የሚሄደው በሰዓት አይደለም፤ ሲሞላ ነው። «ሦስት ሰው ብቻ! ሦስት ሰው ብቻ!» እያለ ረዳቱ ይጮኻል። ሦስቱ ሰዎች እስኪመጡ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እማማ ቅቤው ይቀልጣል ብለው ጣሳውን በነጠላቸው ጥላ ሥር አደረጉት።

በመጨረሻ ሚኒባሱ ተነሥቶ ወደ ደንገጎ የሚወስደውን ዳገት ጀመረ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን መንገድ ያላዩት እንደ ሆነ አንድ ቀን ይዩት። በየመታጠፊያው ቆላው ወደ ታች እየራቀ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ጆሮ እየተደፈነ ይሄዳል። የኢልግ ሰዎች ለምን እንደ ተዉት መጽሐፍ ሳያነቡ ይገባዎታል። እማማ ወደ ገደሉ አንድ ጊዜ አዩና፣ «ባቡሩ ይህን ቢወጣ ኖሮ ሲያቃስት በሰማሁት» አሉ። ከደንገጎ ወዲያ መንገዱ ይለሰልሳል፤ የሐረማያ ሐይቅ፣ ከዚያም ጫት የሚጫንበት የአወዳይ ገበያ ይታለፋል።

በዚያ ዳገት ላይ ሒሳቤን ደመርሁ። ከቤቴ እስከ ሐረር ከአምስት ተሽከርካሪ ላይ ተሳፍሬ ወርጃለሁ፤ ሁለት ታክሲ፣ ባቡር፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ። ከአምስቱ ሁሉ ረጅሙን መንገድ የወሰደኝ ባቡሩ ያለ አንዳች ድካም አደረሰኝ። የደከምሁት በአጫጭሮቹ ነው። እማማ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ «አውቶቡሱን ይያዙ» እላቸው ነበር፤ ዐሥር ሰዓት መቀመጥ ለወገባቸው ባይስማማም እንኳ። ወጣቱን ጸሐፊ ግን ባቡሩን እንዲተው አልመክረውም።

ስለዚህ ለሐረር ሐዲድ ይዘርጋ የሚለው ሐሳብ እኔን አይማርከኝም። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ከመጠን ያለፈ ነው። የምመኘው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፤ ባቡሩ ሲገባ በጣቢያው ደጃፍ አንድ የሐረር አውቶቡስ ቆሞ ቢገኝ፣ ትኬቱም አዲስ አበባ ላይ ባንድነት ቢቆረጥ። ባቡሩ የዘገየ እንደ ሆነ አውቶቡሱ ይጠብቃል። ባዶ ወንበር ቢኖረውም በሰዓቱ ይነሣል። ይህ አንድ ስልክና አንድ ተቆጣጣሪ እንጂ የተራራ መሰርሰሪያ አያስፈልገውም።

ሐሳቤን ግን ለሁሉ ቦታ አልለውም። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ሐዲድ ድርብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ስለሆነ ባቡሮች አንዱ አንዱን እየጠበቀ መተላለፍ አለበት። በድርቡ በኩል ያሉት ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ ሠራተኛና ተማሪ በየዕለቱ የሚመላለስባቸው ከተሞች ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አንድ መውረድ ምንም አይደለም። በየቀኑ የሚመላለሰው ግን ሲሄድ 10 ሲመለስ 10 ደቂቃ ለመለወጥ ቢያባክን፣ በ250 የሥራ ቀን 5,000 ደቂቃ ይሆናል፤ ይኸውም ከዐሥር የሥራ ቀን ይበልጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው ቀጥታ የሚሄድ አጭር ባቡር፣ ጠዋትና ማታ፣ የሚገባው ነው። እርስዎም በዚያ መንገድ የሚመላለሱ እንደ ሆነ የራስዎን ደቂቃ ይቁጠሩት።

ሐረር ስንገባ መብራት በርቶ ነበር። የእማማ አማች ሸዋ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ኖሯል፤ ዘንቢሉን ተቀበለኝ። ልሰናበታቸው ስል እማማ እጄን ያዙና፣

«ስመለስ አንተ የለህም። የምወርድበትን ሁሉ ጻፍልኝ። እኔ ባላነብ የሚያነብ ሰው አላጣም» አሉኝ።

ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ በመንገድ መብራቱ ሥር ጻፍሁላቸው። ከሐረር ሚኒባስ እስከ ድሬዳዋ። ከድሬዳዋ ባጃጅ እስከ ባቡር ጣቢያ። ባቡር እስከ ለቡ። ከለቡ ታክሲ እስከ ሜክሲኮ። ከሜክሲኮ ሌላ ታክሲ ወደ ኮተቤ። እየጻፍሁ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው፤ በጣታቸው ቆጠሩት፤ እጃቸው ሞላ። ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«አውቶቡሱስ ስንት ጊዜ ያወርዳል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ኮተቤ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ እማማ።»

አሰቡበት። «እስቲ እንግዲህ፤ ልጄ ደኅና ትሁንልኝና እናያለን» አሉ፤ የቅቤ ጣሳቸውን አቅፈው ከአማቻቸው ጋር ወደ በሩ ገቡ። ወረቀቱን ግን ከነጠላቸው ጫፍ አልፈቱትም።